የአሸንዳው ፏፏቴ

(ድምፅ፦ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፤ ቀጥሎ ከአሸንዳ የሚወርድ ውሃ)

ይህ የምትሰሙት ድምፅ ከጢስ ዓባይ የመጣ አይደለም። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ቤት በር ላይ ነው። የብሎካችን አሸንዳ ከላይ በኩል ከተሰበረ ሁለት ክረምት አለፈው። ጣሪያው ላይ የዘነበው ሁሉ በቱቦ መውረዱን ትቶ ከኮሪደራችን ፊት ለፊት በአየር ላይ ይወርዳል። ጎረቤቶቼ በየስብሰባው ያነሱታል። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ባይጠገን ደስ ይለኛል። ውሃን ፎቶ ማንሳት የተማርኩት በእሱ ነው።

የዛሬው ዝግጅታችን ወንዝን፣ ፏፏቴንና የበረዶ ግግርን ፎቶ ስለማንሳት ነው። በመሃል የቡና ሙቀጫ ወይም የባቡር ድምፅ ከገባ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ ስቱዲዮዬ የገዛ ሳሎኔ ነው።

ካሜራ በሩን ከፍቶ፣ ብርሃን አስገብቶ፣ መልሶ የሚዘጋ ሳጥን ነው። በሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ባለሙያዎቹ ሸተር ስፒድ ይሉታል። ቤት ወይም ተራራ ስታነሱ በሩ ትንሽ ቢቆይ ለውጥ የለውም፤ ተራራው የትም አይሄድ። ውሃ ግን ይሄዳል።

ከአሸንዳችን ጫፍ የተለቀቀ ጠብታ አምስት ሜትር ያህል ሲወርድ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሸተሩን የሰከንድ አንድ ሺህኛ ብታደርጉት፣ በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ጠብታው የሚጓዘው አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ውሃው እንደተበጠሰ ዶቃ እየተንጠባጠበ፣ አንድ በአንድ ተለይቶ ይታያል። ግማሽ ሰከንድ ብታደርጉት ደግሞ ያው ጠብታ በሩ ሳይዘጋ ከአንድ ፎቅ በላይ ይወርዳል፤ ጠብታነቱ ይጠፋና ነጭ ክር ይሆናል። ክር በክር ላይ ሲደራረብ እናቶቻችን ለፈትል እንደሚያዘጋጁት ባዘቶ ይለሰልሳል። የሙያውን ቃላት ለጊዜው እንተዋቸውና፣ እኔ ለራሴ ስሞች አውጥቼላቸዋለሁ፤ ፈጣኑን ዶቃ፣ ቀርፋፋውን ባዘቶ። ከውሃ ፊት የቆመ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ዶቃ ይሁን ወይስ ባዘቶ?

ለባዘቶ እጅ አይታመንም። ግማሽ ሰከንድ ሙሉ ሳይንቀጠቀጥ የሚቆም እጅ የለም። ትራይፖድ የሌለው ሰው አንድ ኪሎ ሽምብራ በከረጢት ይቋጥር፣ የኮሪደሩ ግንብ ላይ ያስቀምጥ፣ ስልኩን ወይም ካሜራውን እላዩ ላይ ያንተርስ። ሽምብራው የስልኩን ቅርጽ ይዞ አጥብቆ ያቅፈዋል። ጣታችሁ ሲጫንም ያነቃንቀዋልና የሁለት ሰከንድ ቆጣሪውን ተጠቀሙ። ሥራው ሲያልቅ ሽምብራው ሽሮ ይሆናል፤ በዚህ በኩል ከትራይፖድ ይበልጣል።

ሌላው ችግር ብርሃን ነው። በቀን፣ በፀሐይ፣ በሩን ግማሽ ሰከንድ ክፍት ከተዋችሁት ፎቶው ነጭ ወረቀት ሆኖ ይወጣል። አይኤስኦ የሚባለውን እስከ 100 ዝቅ ማድረግ፣ ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነም የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ይረዳል። ካልበቃ ኤንዲ ፊልተር የሚባል ጠቆር ያለ መስታወት ሌንሱ ላይ ይደረጋል። ስልክ የያዘ ሰው የፀሐይ መነጽሩን ከሌንሱ ፊት ይደግን፤ እኔ ስንት ጊዜ ሠርቼበታለሁ። መነጽሩ ፖላራይዝድ ከሆነ ሁለት ጥቅም አለው፤ ከእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚያብለጨልጨውን ብርሃን ስለሚቀንስ የድንጋዩና የቅጠሉ ቀለም ይወጣል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ነጻ የሆነው የሐምሌና የነሐሴ ደመና ነው። ፀሐይ ሲወጣ ወደ ፏፏቴ የሚሮጥ፣ ሲደምን ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ነገሩን ገልብጦ ይዞታል።

ባዘቶን የተማርኩ ሰሞን ያየሁትን ውሃ ሁሉ ባዘቶ አደረግሁት። አንድ ቀን ወደ መካኒሳ ወረድኩና ትንሹ አቃቂን ከድልድዩ ላይ በሁለት ሰከንድ አነሳሁት። ትንሹ አቃቂ ምን ዓይነት ወንዝ እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም፤ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የቤት ቆሻሻ፣ ፌስታልና አረፋ ይዞ የሚወርድ ነው። ፎቶው ላይ ግን ወተት ሆኖ ወጣ። ፌስታሉም ጠርሙሱም የሉም፤ አረፋው ነጭ ቀለበት ሠርቶ ይሽከረከራል። በኩራት ወደ ቤት ተመልሼ ጎረቤቴ ጋር ገባሁ።

«እትዬ፣ ይችን እስቲ ይዩልኝ።»

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። «ምነው ደስ ሲል! የት ሄደህ ነው ልጄ? ሰሜን ነው?»

«መካኒሳ ድልድይ ነው።»

ስልኩን መለሱልኝ። «እኔ በዚያ የማልፈው በነጠላዬ አፍንጫዬን ይዤ ነው» አሉ። «አንተ ምን አድርገኸው ነው?»

ምን እንዳደረግሁት ለማስረዳት ሞከርኩ። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቦታውን ለቅቆ የሚሄድ ነገር ሁሉ ፎቶው ላይ ቅርጹን ያጣል። ቆሻሻው ደግሞ ከውሃው ጋር እየተንሳፈፈ የሚሄድ ነው። ካሜራው ድንጋዩን አስቀረና ፌስታሉን አጠበው። በማንኛውም ፕሮግራም ምንም ሳልነካ፣ ምንም ሳልቀይር፣ ወንዙን ከነግማቱ ዋሸሁለት። በሳምንቱ ተመልሼ ሄጄ በሰከንድ አምስት መቶኛ አነሳሁት። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከነክዳኑ ታየ። ለእትዬ ወስጄ ሳሳያቸው «አሁን አወቅሁት» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በወንዝ ላይ ባዘቶ አልወድም። ምርጫው የኔ ነው፤ እናንተ ላይ አልጭንም። ግን ወንዙ የተሸከመው ነገር ራሱ ወሬ በሆነበት ቦታ ዶቃ ነው የሚሻለው። የኛን ጣሪያ ውሃ ጨምሮ የዚህ ከተማ ዝናብ፣ በትልቁም በትንሹም አቃቂ ቢወርድ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኝና አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር የሚባል ነገር ሳያይ አፋር ምድር፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ልደታ የተጣለ ነገር ባሕር አይወስደውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ እንሂድ። በመሳቢያችሁ ውስጥ አሮጌ የአንድ ብር ኖት ያላችሁ አውጡት። በፊቱ ልጅ አለ። ገልብጡት፤ ጢስ እሳት፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ። በኢትዮጵያ ከዚያ የበለጠ በብዙ እጅ የዞረ የፏፏቴ ምስል ያለ አይመስለኝም። ሳንቲሙ እስኪተካው ድረስ ዳቦ የገዛንበት፣ ለታክሲ የከፈልንበት ነው። እኔም ጢስ ዓባይ ሳልሄድ በፊት ጢስ ዓባይን የማውቀው በብሩ ነበር።

የሄድኩት በመጋቢት ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የአላታ ድልድይ ተሻግሬ ዳገቱን ወጣሁና ፊት ለፊት ቆምኩ። ጥቁር ዐለት ላይ ጥቂት ነጫጭ ፈትሎች። ብሩን አውጥቼ አየሁ፤ ዐለቱን ደግሜ አየሁ።

ቦታው አልተሳሳተም፤ ወሩ ነው የተሳሳተው። ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ውሃው ሲሞላ ስፋቱ 400 ሜትር ይደርሳል። ዓባይ የሚሞላው ግን በክረምቱ መጨረሻ ነው። ከዝናቡ በላይ ደግሞ የሰው እጅ አለበት። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በፈረንጆቹ 1964 ተሠራ፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። በ1990ዎቹ ጣና ከሚፈስበት አፍ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ መጣ፤ እሱ ከፏፏቴው በላይ ውሃውን በቦይ ጠልፎ፣ ከታች መልሶ ይለቃል። በ2010 ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ፤ ከሐይቁ ውሃ በዋሻ ወስዶ በሌላ በኩል ወደ በለስ ያወርዳል። ስለዚህ በዐለቱ ላይ የሚወርደው ውሃ መጠን የሚወሰነው በሰማይ ብቻ አይደለም። መብራት የምንፈልግ ሰዎች ስለሆንን ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን በየቢሮው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ፏፏቴውን ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ ሲያሳይ፣ ፎቶው መቼ እንደተነሳ አለመጻፉ ያናድደኛል።

ወሩን አለማወቅ ሰውን ውሸታም እንደሚያሰኝ የሚያሳይ የቆየ ጭቅጭቅ አለ። ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ቄስ በ17ኛው መቶ ዘመን እዚያ ደርሶ፣ ከፏፏቴው ሥር ገብቶ ዐለት ላይ መቀመጡን ጻፈ። በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ይህ የማይሆን ነገር ነው፣ ሎቦ ዋሽቷል አለ። ብሩስ ራሱ ግን ያየው ወንዝ ዝናብ ያበዛው እንደነበር ጽፏል። እኔ ሁለቱም እውነታቸውን ይመስለኛል፤ አንዱ ውሃው ሲጎድል፣ ሌላው ውሃው ሲሞላ ደርሰው ነው። ሁለቱም ካሜራ አልነበራቸውም። ቢኖራቸውም ወሩን ካልጻፉበት ጭቅጭቁ አይቀርም ነበር።

እንግዲህ ጢስ ዓባይን ከነጢሱ ለማንሳት የሚፈልግ ሰው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይሂድ። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ከአካባቢው ሰው ይጠይቅ። በዚያ ወቅት ካሜራውን የሚፈትነው ፍንጥቅጣቂው ነው፤ ሌንሱ ላይ ሳይታወቅ ያርፍና ፎቶውን ያደበዝዛል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የታጠበ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ በኪስ መያዝ ነው፤ በገበያ ከሚሸጠው ጨርቅ አያንስም። ቀስተ ደመና የሚፈልግ ፀሐይን ከጀርባው ያድርግ። የራሳችሁን ጥላ አናት ፈልጉ፤ ቀስተ ደመናው ከዚያ ነጥብ 42 ዲግሪ ርቆ በዙሪያው ይቆማል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ቀስቱ ወደ ታች ሰምጦ ይጠፋል፤ ጠዋትና ወደ ማታ ግን ጥሩ ነው። ፖላራይዝድ መነጽሩን በዚህ ጊዜ እያዞራችሁ ተመልከቱ፤ አንዳንዴ ቀስተ ደመናውን ራሱን ያጠፋዋል።

ሸተሩስ? ለትልቅ ፏፏቴ እኔ ከዶቃውም ከባዘቶውም መሃል እገባለሁ፤ የሰከንድ ስምንተኛ ወይም አራተኛ። ውሃው ክር ይሆናል፣ ግን ክብደቱ አይጠፋም። ባዘቶው ሲበዛ ያ ሁሉ ቶን ውሃ ጥጥ ይመስላል፤ ጥጥ ደግሞ አያስፈራም። ጢስ እሳት ማስፈራት አለበት። ሰውም ይግባበት፤ ጃንጥላ የያዘ አንድ ገበሬ፣ ወይም አህያ የሚነዳ ልጅ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ። ሰው የሌለበት ፏፏቴ ከኛ አሸንዳ በመጠን አይለይም።

ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ከሳንቃበር ወደ ግጭ ሲኬድ የጅንባር ፏፏቴ አለ። 500 ሜትር ገደማ ወደ ገደል ይወርዳል፤ ውሃው ሲቀንስ መሬት ሳይደርስ በነፋስ ተበትኖ ጉም ይሆናል። እዚያ የምታነሱት ፏፏቴውን ሳይሆን ገደሉን ነው፤ ውሃው ለመለኪያ የተንጠለጠለ ክር ነው። ጥቁሩ ዐለት ፎቶውን ስለሚሞላ ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፣ ነጩ ክርም ይቃጠላል። ብርሃኑን በእጃችሁ አንድ ደረጃ ቀንሱ። ማታ ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፤ ባትሪውን ከጋቢያችሁ ሥር፣ ከሰውነታችሁ ጋር አሳድሩት። ከገደሉ ጫፍ ደግሞ ለአንድ ፎቶ ብላችሁ አንድ እርምጃ አትጨምሩ፤ አብሯችሁ ያለው የፓርኩ ስካውት ተመለሱ ካለ ተመለሱ። በወንዝ መሃል ላይ ስትሆኑም እንዲሁ ነው። እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ ከላይ የዘነበ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል፤ ውሃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ ካሜራ ሳይሰበስቡ መውጣት ነው።

(ድምፅ፦ ዝናቡ ያባራል፤ ጠብታ ብቻ)

አባራልን። የበረዶ ግግር እንዴት ፎቶ ይነሳል ለሚለው ልደታ ሆኜ ምን እላለሁ? አለኝ። ግንቦት ልደታ ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ግቢው ከነመንገዱ ነጭ በነጭ ነው። በመጀመሪያ ዓመት ያነሳሁት ፎቶ ላይ ያ ሁሉ ነጠላ አመድ መስሎ ወጣ። ካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ዓለም ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ነጭ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሰዋል፤ ጥቁር ሲያይ አነሰ ብሎ ይጨምረዋል። ጅንባር ላይ ያጋጠመን የዚህ ግልባጭ ነው። መድኃኒቱ ብርሃኑን አንድ ወይም አንድ ተኩል ደረጃ መጨመር ነው፤ ስልክ ላይ ነጩን ነክታችሁ የፀሐይዋን ምልክት ወደ ላይ ግፏት። በበረዶ ላይም የሚሠራው ይኸው ነው። ግንቦት ልደታን በትክክል ያነሳ ሰው ኪሊማንጃሮ ቢወስዱት አይቸገርም።

አማርኛችን በዚህ ነገር ስስታም ነው። ከሰማይ ጠጠር ሆኖ ቢወርድ በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢሠራ በረዶ፣ ተራራ ላይ እንደ ዱቄት ቢተኛ በረዶ። አመዳይ የሚል ቃል ነበረን፤ ከመጽሐፍ ውጭ እምብዛም አይሰማም። ግግር የሚለውም የቆመ ያስመስለዋል እንጂ እሱም ወንዝ ነው። ዓመት በዓመት ላይ የተከመረ አመዳይ በራሱ ክብደት ተጨምቆ በረዶ ይሆንና በጣም በዝግታ ወደ ታች ይፈሳል። ከሌሎች ወንዞች የሚለየው ሸተሩ በዓመታት መቆጠሩ ነው።

ዛሬ በኢትዮጵያ የበረዶ ግግር የለም። ነበረ። ባሌ ላይ፣ ከባሕር ወለል 4,377 ሜትር ከፍ ያለው ቱሉ ዲምቱ በቆመበት በሳኔቲ አምባ፣ በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር ተኝቶበት ነበር፤ ገፍቶ የተወው የድንጋይ ክምር ዛሬም አለ። በ2019 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በእነዚያው ተራሮች 3,469 ሜትር ላይ ባለው በፊንጫ ሀበራ የዐለት መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ከግግሩ የሚቀልጠውን ውሃ እየጠጡ፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነውን ግዙፍ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ሳኔቲ ለመሄድ የታደላችሁ ፀሐይ ገና ስትወጣ ወይም ልትጠልቅ ስትል አንሱ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ድንጋዮቹ ጥላ ያወጣሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ያው ጠፍጣፋ ሜዳ ነው።

በአፍሪካ ግግር የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ነው። ኪሊማንጃሮ በ1912 ከነበረው በረዶ ከአምስት እጅ አራት እጁን በላይ አጥቷል። ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ዘገባ በአፍሪካ የዓለም ቅርሶች ላይ ያለው ግግር እስከ 2050 ሊጠፋ እንደሚችል ገልጿል። ወደዚያ በአውሮፕላን የምትሄዱ ከመስኮቱ ስታነሱ ሌንሱን ወደ መስታወቱ አስጠጉት፣ ግን አታስነኩት፤ ከነካ የሞተሩ ንዝረት ይገባል። ካነሳችሁ በኋላ ቀኑን ጻፉ። ያንን ፎቶ ደግሞ የሚያነሳው ሌላ ሰው ይፈልገዋል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። የመጡት ለጦርነት ነው፤ ግን ተራራውንም ሸለቆውንም አነሱ። ከ140 ዓመት በኋላ ቤልጂየማዊው ተመራማሪ ያን ኒሰን ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እነዚያ ካሜራዎች የቆሙበትን ቦታ እየፈለጉ፣ ከዚያው ነጥብ መልሰው አነሱ። በ2009 ባወጡት ጥናት ላይ ብዙዎቻችን የምንጠብቀው አልተገኘም፤ ባነሷቸው ቦታዎች ዛፉና ቁጥቋጦው ከ1868 ይልቅ በዝቶ ተገኘ። ድሮ አገሩ ሁሉ ደን ነበር የሚለውን ወሬ አንድ የጦር ፎቶ ተከራከረው። የረዳቸው የፎቶዎቹ ውበት አልነበረም፤ ቦታውና ዓመቱ መታወቁ ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ የኮሪደራችን ብረት ላይ ያለውን አንድ ብሎን መርጫለሁ። በየወሩ በአንድ ቀን፣ በልደታ፣ የሽምብራውን ከረጢት ከብሎኑ አጠገብ አስቀምጬ፣ ካሜራውን ወደ እንጦጦ አዙሬ አንድ ፎቶ አነሳለሁ። ክረምት ላይ ከፊት የአሸንዳው ውሃ ይገባበታል፤ በበጋ ጀሪካኖች ናቸው። ባለፈው ዓመት ሁለት አዳዲስ ሕንጻዎች የእንጦጦን ግራ ትከሻ ሸፍነውታል። ዛሬም ቀኑ አንድ ነው፣ ነሐሴ አንድ፣ ገና አላነሳሁም፤ እናንተን ይዤ ነው የዘገየሁት።

(ድምፅ፦ ዝናብ ይጀምራል፤ በር ይንኳኳል)

«ልጄ! ፏፏቴህ መጥቷል!»

መጣሁ እትዬ።